በጆሮ የሚሰማ ሙቀት

ውድ ሴቬሪን፣

...የሚሸተው እንጨት አለመሆኑን ከእኔ ቀድመህ ያወቅኸው አንተ ነህ። የመብራት ሽቦ ልትጠግን መሰላል ላይ ነበርክ። እኔ የቫዮሊኑን ጎን በጋለው ማጉበጫ ብረት ላይ ተጭኜ፣ ቀጭኑ እንጨት እስኪለዝብልኝ እጠብቃለሁ። ዘለህ ወረድክና ግራ እጄን ነጠቅኸኝ።

«አንቺ! ጣትሽ እኮ ነው የሚጠበሰው!»

አየሁት። ሁለት ጣቶቼ ነጭ ሆነዋል፤ ቆዳቸው ተነስቷል። አላመመኝም። ያስፈራኝ አለማመሙ ነበር።

በፊት በነበረው ክረምት ከታመምኩ ወዲህ ግራ እጄ ሙቀት እንደማይለይ ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። እጁ ሙቀት የማይሰማው የቫዮሊን ጎን አጉባጭ በእኛ ፋብሪካ ምን እንደሚደረግ ታውቃለህ። ወደ ማሸጊያ ክፍል ይወርዳል፤ ሳጥን ላይ ምስማር ሲመታ ይኖራል። አስራ አንድ ዓመት የተቀመጥኩበት ወንበር ነው። ሌላ የምችለው ነገር የለኝም።

«እባክህ አትናገር» አልኩህ።

ከኪስህ ቅባት አወጣህ፤ የማሽን ቅባት። «ይሄ ለማሽን ጥርስ ነው፤ ግን አንቺም ሳይሽ ብረት ሳትሆኚ አትቀሪም።» የሳቅኩ ይመስለኛል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በጨርቅ ጠቅልለህ ያመጣኸው ነገር አስቀያሚ ነበር። ወፍራም ነሐስ፣ አንድ ጎኑ ለሰፊው ኩርባ ሰፋ ያለ፣ ሌላው ለቫዮሊኑ ወገብ ሾጠጥ ያለ፣ ከውስጡ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ። ከላዩ ላይ በመዶሻ ያጎደጎድካት፣ የሻይ ማንኪያ የምታህል ስርጉድ ነበረችው።

«ነሐሱ ወፍራም ነው፤ እርጥብ እንጨት ሲነካው እንደ ሌሎቹ ቧንቧዎች ቶሎ አይቀዘቅዝም» አልከኝ። ስርጉዷ ላይ ውሃ ጠብ አደረግክ። ውሃው ዝም ብሎ ተኛ። «ገና ነው።» ቆየንና ሌላ ጠብታ። ችስ ብሎ ጠፋ። «ይኸውልሽ! ይሄን ድምፅ ያዢ።» ከዚያ አብዝተህ አጋልከው። ጠብታው ድቡልቡል ሆኖ ያለ ድምፅ መጨፈር ጀመረ። «ዝም ብሎ ሲጨፍር እንዳትነኪው። እንጨቱን ያሳርረዋል። አንቺንም።»

«ነሐሱን ከየት አመጣኸው?»

«ከሰማይ ወደቀ፤ እኔ ከሥር ቆሜ ነበር።»

አልጠየቅሁህም ከዚያ ወዲያ። መጠየቅ ነበረብኝ? አንዳንድ ጊዜ ያላወቅሁ መስዬ ያወቅሁ ይመስለኛል።

አለቃችን ኔአ ፖምፒ ከመጋዘን የነሐስ ዘንግ መጥፋቱን ሲሰማ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ዞረ። እኔ ጋ ቆመ።

«ይሄን ጉድ ማን ሠራልሽ? ለምንድን ነው እንደ ሌላው ሰው በፋብሪካው ማጉበጫ የማትሠሪው?»

«ለምን» የሚለውን ከመለስኩ እጄን መናገሬ ነው። አፌን ከፈትኩ። ከኋላዬ ድምፅህ መጣ።

«የእኔ ነው ኔአ ፖምፒ። ሰርቄ ለራሴ ነው የሠራሁት። ቤቴ ቫዮሊን እየሠራሁ ልሸጥ ብዬ እሷ ጋ እያስሞከርኩት ነበር።»

«አንተ? ቫዮሊን? ጥፍርህን አስተካክለህ መቁረጥ የማትችል!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሴቬሪን፣ እኔም ሳቅኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ ልጽፍልህ ያልቻልኩት ይህን ነው።

ሰኞ አልነበርክም፤ አባረውሃል። የሌባ ዕቃ የፋብሪካው ነው ተብሎ ብረቱ ጠረጴዛዬ ላይ ቀረ። እስከ ዛሬ «የሌባው ብረት» ይሉታል፤ በክፋትም አይደለም፣ ለምደውት ነው። እኔ በሱ እንጀራዬን በላሁ። ከጉርጊው ሸለቆ የሚመጣው፣ ሞገድ የበዛበት የሜፕል እንጨት፣ ሞገዱ ላይ መሰንጠቅ የሚወደው፣ እኔ ጋ ሲደርስ ታጥፎ ያድራል። ጎኑ ኩርባውን በያዘ ቁጥር አመሰግንሃለሁ። በከንፈሬ ብቻ።

አሁን አዲስ ማጉበጫዎች መጥተዋል። ሙቀታቸውን በቁጥር ያሳያሉ። ሞከርኳቸው፤ ጥሩ ናቸው፣ ልዋሽህ አልችልም። ዓይኔን ቁጥሩ ላይ ብጥል እጄን የሚጠይቀኝ ሰው አይኖርም፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በሰላም እሠራለሁ። አሮጌዎቹ ግን ዓርብ ሊቀልጡ ነው። ያንተ ሲቀልጥ ከአንተ እዚህ የሚቀረው ሌባ የሚለው ስም ብቻ ነው።

ዛሬ ጠዋት ኔአ ፖምፒ መዝገቡን ይዞ መጣ። «እህ አውሪካ፣ የቱን መረጥሽ? አዲሱን ነው አይደል?»

«የሴቬሪንን» አልኩት።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ቢሮዎ መጥቼ እነግርዎታለሁ።»

ይህን የምጽፍልህ ቢሮው ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። አድራሻህን ከእህትህ ተቀብያለሁ። ብረቱን ለማን እንደሠራኸውና ለምን እንደሠራኸው እነግረዋለሁ። ጀግንነት እንዳይመስልህ፤ እጄን ሦስት ጊዜ ቀሚሴ ላይ ጠርጌያለሁ። ማሸጊያ ክፍል ከወረድኩም ስድስት ዓመት የሰጠኸኝ አንተ ነህ። አመሰግንሃለሁ። ይኸው፣ ጮክ ብዬ አልኩት፤ በኮሪደሩ የምታልፍ ሴት ዞራ አየችኝ።

ስሜን እየጠራ ነው።

አውሪካ

በማግስቱ የጨመርኩት፦ ገባሁ። በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት። ግራ እጄን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ሁሉንም ነገርኩት።