ሰርቨሩን ማሳረፍ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

የእሸት ቡናውን የዕለት ዋጋ ለገበሬዎች በምናዘጋጀው ድረ ገጽ ላይ አወጣሁ። ልክፈተው ብል... ይንቀረፈፋል። ገበሬው ባየ ከሸኮ ደወለ። ገጹ እስኪከፈትለት ሲጠብቅ ደላላው ደረሰና በጠራለት ዋጋ ቡናውን አስረክቧል። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ነው።

ሥራ አስኪያጃችን በላይነህ ጥፋተኛዋን አግኝቻለሁ አለ። የገጹን ፕሮግራም የጻፈችው ሐፍሳ ናት። ፓይተን፣ ፕሮግራሙ የተጻፈበት ቋንቋ፣ ኮዱን ተርጉሞ የሚያስቀምጣቸው ፋይሎች አሉ፤ እንዳይቀመጡ አድርጋለች። ሰኞ ትሰናበታለች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ሐፍሳን ጠየቅኳት። አልካደችም። ገጹን የያዘው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ዲስኩ ጠባብ ስለሆነ ነው። ፋይሎቹ የሚጠቅሙት ፕሮግራሙ ሲነሣ ነው፤ እንደ አዲስ ከመተርጎም ያድኑታል። ከተነሣ በኋላ አያፈጥኑትም።

«ጋሼ፣ ሰርቨር የሚነሣው አንዴ ነው። ከዚያ ዝም ብሎ ይሠራል።»

ታዲያ ምን ይጎትተዋል? በላይነህ ሰርቨሩን እንዳታይ ከልክሏታል። የክፍሉ ቁልፍ እሱ ጋ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 7

ቁልፉን ለምኜ ሰርቨሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ገጹ ይሮጣል። ድንገት ቀጥ አለ። እየተንፏቀቀ ተነሣ። ትንሽ ሮጠ... ደግሞ ቀጥ። መብራት አልጠፋም።

በላይነህን ጠየቅኩት። አላፈረም።

«እንዲያርፍ ነዋ። የቡና መፈልፈያም ካላረፈ ይቃጠላል።»

ለቀማው ከተጀመረ ወዲህ ቀኑን ሙሉ እየጠፋ እንዲነሣ ያዘዘው ራሱ ነው! ለምን አልነገርከንም?

«ማን ጠየቀኝ?»

ጋዜጣ ቤት ያረጀሁት ድምፄን ከፍ ሳላደርግ ነው። ዛሬ ጮህኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ሐፍሳን ይዣት ገባሁ። ሁለቱንም ሞከርን። ፋይሎቹ ኖረው ማሳረፉ ሲቀጥል መነሣቱ ትንሽ አጠረ፤ ገጹ ግን መቆራረጡን አልተወም። ማሳረፉ ቀርቶ፣ ፋይሎቹ ሳይኖሩ... እስከ ማታ ሮጠ። ፋይሎቹን ቁም ነገር ያስመሰላቸው የእሱ ማሳረፍ ነው። በላይነህ ቆሞ አይቷል። በዓይኑ።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

በላይነህ በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ ለዚህ ጊዜ ይቅር ብያታለሁ አለ። ይቅር! ሐፍሳ ቦርሳዋን አነሣች።

«ይቅር ካሉኝማ አጥፍቻለሁ ማለት ነው።»

ወጣች። እኔስ? ዝም። ለምን ዝም አልኩ?

ሰኞ፣ ኅዳር 17

ባየ ደወለ። ማሳረፉ ቀርቷል፤ ገጹ ወዲያው ስለተከፈተለት የዕለቱን ዋጋ ለደላላው በስልኩ አሳይቶ በዚያው ሸጠ። ያቺን ልጅ አመስግንልኝ አለ። ሐፍሳ ቴፒ ሥራ ይዛለች።

ከሰዓት እንግዶች መጡ። በላይነህ ሰርቨሩን እያስጎበኘ፣ የጠፉ ፋይሎች ነበሩ፣ እነሱን መልሼ ነው ያስተካከልኩት አላቸው። ከወንበሬ ተነሣሁ።

«ፋይሎቹ ዛሬም የሉም። የጎደለችው ልጅቷ ናት።»

በላይነህ ወደ እኔ እየጠቆመ፣ ጋሽ ኃይለሚካኤል ቀልድ ይወዳል ብሎ ሳቀ። ከእንግዶቹ የሳቀለት የለም።