የፊቢ ግራ እጅ

ለእህቴ ለሄስተር፣ ለንደን።

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እስረኛ በመርከብ በሚጋዝበት በዚህ በሆባርት ደህና ነኝ። ለዚያ ለሰረቅኩት ጨርቅ ከተፈረደብኝ ሰባት ዓመት ሦስቱ አለፈ። አሁን ለአንዲት እመቤት ልብስ አጣቢ አድርገውኛል።

ደብዳቤሽን አብራኝ ለምትቀጣው ለዶርካስ አነበብኩላት። «ልጅሽ ፊቢ እኔ ዘንድ ደህና ናት፤ ዓሣ ስሰጣት ደስ ይላታል» የሚለው ላይ ስደርስ ቆም አልኩ።

«ምነው?» አለችኝ።

«ከእኔ ጋር ሳለች ዓሣ ከቀመሰች ፊቷ ያብጥ ነበር።»

«ለመሆኑ እህትሽ ልጅቷን አይታት ታውቃለች?»

«አርፈሽ እጠቢ። ልጅ ሲያድግ ይለወጣል» አልኳት።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የፊቢን ግራ እጅ ወረቀት ላይ ዘርግተሽ ዙሪያውን በቀለም አስምሪና ላኪልኝ። አንዷ ጣቷ ጎባጣ ናት። የትኛዋ እንደሆነች ግን አልነግርሽም።

አምላክ በጤና ያቆይሽ፤ እሷንም ሳሚልኝ።

እህትሽ ታቢታ