ፍል ውሃ የሄደችው ልጄ

ጅግጅጋ፣ ጥር 9 ቀን 2009 ዓ.ም.

ዛሬ ልጄ ሳባ ከጃፓን ደወለች። «እማዬ፣ ትናንት ፍል ውሃ ሄጄ ነበር» አለችኝ። እኛ ፍል ውሃ የምንሄደው ሲያመን ነው፤ ያውም ሐኪም ያቃተው ሲሆን። «ምንሽን ነው የሚያምሽ? አትደብቂኝ!» ብዬ ጮህኩባት። ሳቀች። እዚያ ሰው ፍል ውሃ የሚሄደው ለሽርሽር ነው አለችኝ። አላመንኳትም። ልትማር ሄዳ ምን ሽርሽር አላት?

ስልኩን እንደዘጋን ሁለት ፎቶ ላከችልኝ። በአንዱ፣ ባጃጅ የምታክል የመስታወት ክፍል በሽቦ ገመድ ተንጠልጥላ ፍል ውሃው ያለበትን ተራራ ትወጣለች። በሌላው፣ ልጄ እዚያች ክፍል ውስጥ ተቀምጣ፣ በሁለት እጇ ሻርፗን ይዛ ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ ትስቃለች። ፊቷ ሞላ ብሏል። ተመስገን! የታመመ ሰው እንዲህ አይስቅም።

ደስታው አላስቀምጥ ቢለኝ ወደ ጎረቤቴ ወደ ሆዳን ሱቅ ሄጄ አሳየኋት። ስልኩን ተቀብላኝ አተኩራ አየችው።

«ማሻአላህ፣ ደህና ናት» አለች። «ግን የሳባ እናት፣ ይቺን ፎቶ ማን አነሳት?»

ቤት ገብቼ ደግሜ አየሁት። ከመስታወቱ ውጭ ያ ሁሉ ተራራ አለ። የሳባ ዓይን ግን ተራራው ላይ አይደለም።