በቫዝሊን ያለሰለስኩት ጣት

ሰጡን፤ ልጅቷን ሰጡን። ትናንት ከሰዓት በኋላ በእጄ ፈርሜ፣ በጀርባዬ አዝዬ አመጣኋት። ሊሚ ትባላለች፣ አራት ዓመቷ ነው። ይህን ስጽፍልሽ የቶለሳን የሥራ ቦት ጫማ አጥልቃ ግቢውን እየዞረች ነው፤ በሄደች ቁጥር ጫማው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይቀርባታል።

ውድ ዓለሜ፣ ሰላምታው መቅደም ነበረበት፣ ደስታው ቀደመኝ። እንደምን አለሽ? ሰባት ወር ሙሉ ስልክሽን ያላነሳሁት ኔትወርክ ጠፍቶ አይደለም። በስልክ ታለቅሻለሽ፣ ስታለቅሺ ደግሞ እኔ ሳልናገር ይቅር እላለሁ። ራሴን ስለማውቅ ነው በወረቀት የያዝኩሽ። በወረቀት አታቋርጪኝም።

የአደራ አሳዳጊ ልንሆን ነው፣ ዘመድ ያልተገኘለትን ልጅ በቤታችን ልናሳድግ ነው ብዬ የደወልኩልሽን ቀን አስቢው። እልል አልሽ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ልጅ ያጣንበትን ቤት ታውቂዋለሽ። ሦስት ምስክር አምጡ ሲሉን አንደኛዋ አንቺ ሆንሽ፤ ቅጹን እዚያው ወሊሶ ሞልተሽ ላክሽልን። በቤቱ የሚኖር አዋቂ ሁሉ ደግሞ አሻራ ሰጥቶ ከወንጀል ነፃ መሆኑ ይጣራል ተባልን። እኛ ቤት ሦስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ ቶለሳ፣ ከሁለት ዓመት ጀምሮ ሰርቪስ ቤታችን የሚኖረው ያንቺው ልጅ ሲላስ።

«እሱን ምን ብለሽ ታስገቢዋለሽ? እንግዳ ነው በያቸው» አልሽኝ።

እኔ ሞኟ፣ ውጣ ውረዱን ልታቃልዪልኝ መስሎኝ መረቅሁሽ። የእህቴ ልጅ በቤቴ እንግዳ አይባልም ብዬ ስሙን በትልቁ ጻፍኩት።

ቶለሳ ከሚሠራበት ከእጽዋት ማዕከሉ የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስዶ አሻራውን በአንድ ጠዋት ሰጥቶ ጨረሰ። ሲላስ ግን አንዴ ሰልፉ፣ አንዴ የጎሚስታው ባለቤት ከለከለኝ እያለ ቆየ። በመጨረሻ መጥቶ ጎማ ስፈታ ስገጥም ጣቴ ተበልቷል፣ ማሽኑ አላነበበውም አለኝ። አመንኩት። ሸጎሌ ላይ ጎማ የሚሠራ ሰው እጁ ምን እንደሚመስል አይቻለሁና።

ምን እንዳደረግሁ ታውቂያለሽ? ሳምንት ሙሉ ከሥራ ሲገባ በረንዳ ላይ አስቀምጬ፣ እጁን ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፌ፣ በሎሚ ፈትጌ፣ ጣት በጣት ቫዝሊን ቀባሁት። ቶለሳ ሙሽራ ልታደርጊው ነው ወይ እያለ ይስቅብኝ ነበር። ልጁ ፊቱን ያዞራል፤ እኔ አፍሮ መሰለኝ። በስምንተኛው ቀን እጁን ይዤ ራሴ ወሰድኩት። ማሽኑ በአንድ ጊዜ አነበበው። እንዴት እንደኮራሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ጉዳያችንን የያዘችው ሶሻል ወርከር ሮዳስ ቤት መጣች። ቶለሳም ይቀመጥ አለች። ሲላስ ወሊሶ አንድ ሙአለ ሕፃናት ውስጥ ሲሠራ የአምስት ዓመት ልጅ ክንዱ እስኪሰበር ደብድቦ አንድ ዓመት ከስድስት ወር ታስሯል ስትለኝ፣ በቃ፣ ሳቅሁባት። የሱ ጣት በጎማ የተበላ ነው፣ ማሽኑ ከሌላ ሰው ጋር አምታቶት ነው አልኳት።

«አላምታታውም፣ እትዬ ውባለም። እንዲያውም ጥርት ብሎ ነው የወጣው» አለች ቀስ ብላ።

ከዚያ ቅጹን አሳየችኝና ጽሑፉ የእህትዎ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። በአንድ ደብተር ተምረን ያደግን ሰዎች ነን፤ ወደ ግራ የሚያጋድለውን ፊደልሽን የት አጣዋለሁ? «በዚህ ቤት የሚኖሩት ሁሉ እግዚአብሔርን የሚፈሩ ናቸው። ልጅ እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቃሉ» ይላል። ዓለሜ፣ ይህን ስትጽፊ እጅሽ አልከበደሽም? የልጅቷን አልጋ ከሲላስ በር አሥር እርምጃ ላይ እንደዘረጋሁ እኮ ነግሬሻለሁ። መጋረጃውን የመረጥሽው አንቺ ነሽ።

እና እሱ የታሰረበትን ያን አንድ ዓመት ተኩል እርሻ ላይ ነው፣ በረሃ ነው ያልሽኝ! ከወባ ጠብቀው እያልኩ ስጸልይ ነበር።

የባሰውን ልንገርሽ። ባንቺ ቃል ተማምኜ እኔም ቃል ሰጥቻለሁ። ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ለጋሽ ዋቅቶላ የእህቴ ልጅ ነው፣ ዋሱ እኔ ነኝ ብዬ ሲላስን ሰንበት ትምህርት ቤት ከልጆች ጋር እንዲያገለግል ያስገባሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ እውነቱ ሲወጣ በልጆቹ ወላጆች ፊት ቆሜ የተናገርኩትም እኔ ነኝ። እናቶች ልጆቻቸውን አንድ በአንድ ጠየቁ። አንድም የተነካ አልተገኘም፤ ያ ግን የእግዚአብሔር ምሕረት ነው እንጂ ያንቺ ጥንቃቄ አይደለም። ጋሽ ዋቅቶላ ከዛሬ ጀምሮ ልጆች ዘንድ የሚገባ ሁሉ አሻራ ይሰጣል፣ ከእኔ ጀምሩ አሉ። በሰባ ሁለት ዓመታቸው ሄደው ሰጡ።

ሲላስን አላባረርኩትም፤ ቶለሳ ጎሚስታው አጠገብ ቤት ተከራየለት። ዕቃውን ሲያወጣ እንዲህ አለኝ፦ «አክስቴ፣ ጣቴን ስታሺው ስንቴ ልነግርሽ አፌን ከፈትኩ። እማዬ ከተናገርክ ልጄ አይደለህም አለችኝ።» እሱንም ተቀይሜዋለሁ። እሱ ግን ለሠራው ታስሮ ወጥቷል፤ አንቺ ምን ሆንሽ?

የእኛ ፋይል ታጠፈ። እንደገና ከዜሮ፤ አዲስ ምስክር፣ አዲስ የቤት ጉብኝት። ሰባት ወር ሊሚን በሕፃናት ማቆያው ቅዳሜ ቅዳሜ ለአንድ ሰዓት ብቻ እናያት ነበር። ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ትጠብቀናለች። «ዛሬ ነው የምንሄደው?» ትላለች። ገና ነው እላለሁ። አንድ ቅዳሜ መጠየቅ ተወች። ያን ቀን ነው አንቺን የጠላሁሽ።

ገበና መሸፈን ደግ ነገር ነው ተብለን አድገናል፣ አውቃለሁ። እናታችን የጎረቤት ጠብ እንኳ ከአጥር አታሳልፍም ነበር። ግን እህቴ፣ የተሰበረ የልጅ ክንድ ገበና አይደለም። ነግረሽኝ ቢሆን ሲላስን ያኔውኑ ሌላ ቤት እንፈልግለት ነበር፣ ገና ታስሮ ሳለም ጠያቂ እሆነው ነበር። የሚወደኝን ልጅ ታሪኩን ደብቀሽ ሰጠሽኝ፤ ልትሰጪኝ የሚገባው እውነቱን ነበር።

ይኸው ሊሚ እየጠራችኝ ነው፤ ጫማው አንዱ ጠፍቶባታል። ልቋጭ። ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ጾም ሳይገቡ አብረውን ሥጋ እንዲበሉ ብለን በግ ገዝተናል። ሲላስ አይመጣም፤ ድርሻውን ቶለሳ ያደርስለታል። አንቺ ግን ነይ። መጀመሪያ ጓዳ ገብተን እውነቱን ካፍሽ እሰማለሁ፣ ከዚያ ልጄን ታቅፊያታለሽ። ማደር ካሰብሽ አሻራ ሰጥተሽ፣ ከወንጀል ነፃ የሚለውን ወረቀት ይዘሽ ነይ፤ ከሷ ጋር የሚያድር ሁሉ እንዲያ ነው፣ እህትም ብትሆኚ። ጣትሽ ከሻከረ ቫዝሊን ቀቢው፤ ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል። እንግዲህ ዘመድ የሚባል እንዳይቀር፣ ለሁሉም ንገሪልኝ፦ ቅዳሜ፣ የካቲት 7፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት።

የሊሚ አሳዳጊ፣ እስካሁንም እህትሽ
ውባለም፣ ከጉለሌ