በስሕተት የተነገረው ስም

እሑድ፣ ጥር 24 ቀን፣ ፍኖተ ሰላም

ጡረታዬ ስለደረሰ ቢሮዬን ሳስረክብ የማስተዋልን ፎቶ አገኘሁ። በኮሌጃችን የስፖርት ሕዝብ ግንኙነት ሆኜ በተቀጠርኩበት ዓመት የሴቶችን አምስት ሺህ ሜትር ያሸነፈች ተማሪያችን ናት። ያኔ ሥራው አንድ ደብተር፣ አንድ የድምፅ ማጉያና የፖስታ ቤት ስልክ ነበር። ደስ ይል ነበር። ውጤቱን ለሬዲዮ ጣቢያው በስልክ ሳነብ ግን በጥድፊያ የሁለተኛዋን ስም አንደኛ አድርጌ ተናገርኩ፤ የማስተዋል ስም ሳይነሣ ቀረ። ማስተዋል “ግድ የለም ጋሼ” ብላ አለፈችው። እኔ አልረሳሁትም።

እሷ አሁን ባሕር ዳር አስተማሪ ናት። ዛሬ ፎቶውን ይዤ ቡሬ አጠገብ ወዳለው የአባቷ ቤት ሄድኩ። አያ ታደገ በርበሬ አስጥተው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ማን እንደሆንኩና ምን እንዳጠፋሁ ነገርኳቸው። ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ አዩት።

“ያን ቀን ጎረቤቱን ሰብስቤ ሬዲዮ ከፍቼ ነበር” አሉኝ። “ስሟ ሳይጠራ ሲቀር ሰዉ ወደየቤቱ ተበተነ። በኋላ መጥታ ‘አሸነፍኩ’ ስትለኝ ልታጽናናኝ መስሎኝ ነበር።”

“ይቅር ይበሉኝ፣ አያ።”

“ይቅር ለእግዜር። ግን እስቲ እንደ ሬዲዮኑ አርገህ ንገረኝ።”

ተነሥቼ ቆምኩ፤ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። “በሴቶች አምስት ሺህ ሜትር አንደኛ፣ ማስተዋል ታደገ!”

ድምፄ እንደ ድሮው አይደለም፤ መጨረሻው ላይ ተሰበረ። አያ ታደገ ጋቢያቸውን አስተካክለው ቀና አሉ።

“ድገመው” አሉኝ።