አረፋ ሲለኩ የኖሩት መምህር፦ የጋሽ ቆይ የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው መምህር ከእናታቸው ከሆስፒታል ልብስ አጣቢዋና ከአባታቸው ከቦይለር ሠራተኛው በ1940 ዓ.ም. በአንዲት የወንዝ ዳር ከተማ ተወለዱ። በወቅቱ የነበሩ ሰዎች ዛሬ በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ ይሉት እንደነበረው፣ ሕፃኑ ከማልቀሳቸው በፊት ክፍሉን ዙሪያውን በጥሞና ተመልክተዋል።

ይህን የምጽፈው እኔ የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም ነኝ። ሴት ልጃቸው ረቂቁን ተቀብላ በቀይ እስክሪብቶ ብዙ ቦታ ሰርዛብኛለች። የሰረዘችውን ግማሹን መልሼዋለሁ፤ እኚህን ሰው በሕይወት ሳሉ ማንም በበቂ ስላላመሰገናቸው ዛሬ ትንሽ ቢበዛላቸው ማንንም አይጎዳም።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናታቸው ወደ ሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ይዘዋቸው ይሄዱ ነበር። እዚያም በርሜሉ አጠገብ ተቀምጠው የመድኃኒት እድፍ በሙቅ ውሃ ቶሎ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ዘግይቶ እንደሚለቅ አዩ። ለምን እንደሆነ እናታቸውን ጠየቁ። እናታቸውም «ሙቅ ስለሆነ ነዋ» ብለው አንሶላውን እንዲይዙላቸው አዘዟቸው። መልሱ ልክ ነው፤ ግን አጭር ነው። ጋሽ ቆይ ከዚያ ወዲህ በኖሩበት ዘመን ሁሉ የሠሩት ያንን መልስ ማርዘም ነው ቢባል ውሸት አይሆንም።

በ1947 ዓ.ም. ትምህርት ጀመሩ። ከክፍላቸው አንደኛ፣ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ፣ ቢያወዳድሯቸው ኖሮ ከዓለምም ከሦስተኛ የማይወርዱ ነበሩ። በ1958 ዓ.ም. ኮሌጅ ገብተው በ1962 ዓ.ም. በኬሚስትሪ ተመረቁ፤ እዚያው ኮሌጅ በረዳትነት ተቀጥረው ኋላም መምህር ሆነው እስከ ጡረታቸው ድረስ ከአንዲት ክፍል አልወጡም። አስር ሺህ ተማሪዎችን አስተምረዋል። ልጃቸው ሁለት ሺህ ቢሞላ ነው ትላለች፤ እኔ ግን የተማሪዎቻቸውን ተማሪዎች ቆጥሬ ነው።

ክፍላቸው የምድር ቤቱ መጨረሻ ላይ ነበረች። ቧንቧዋ ያንጠባጥባል፤ መስኮቷ ከመንገዱ ጋር እኩል ስለሆነ በእሷ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። የዲኑ ጫማ ብቅ ሲል ጋሽ ቆይ መብራት አጥፍተው የሌሉ ይመስሉ ነበር። «ቆይ» የሚለው ስም የወጣላቸውም እዚያ ነው። ሰዓት እያዩ ሳለ የሚያናግራቸውን ሁሉ፣ ተማሪም ይሁን ዲን፣ አንድ ጣታቸውን አንስተው «ቆይ» ይሉታል።

ሥራቸው ምን እንደነበረ ብዙዎቻችሁ አታውቁም፤ ይህ አያሳፍርም። እኔም ዘግይቶ ነው የገባኝ፤ ከገባኝ ወዲህ ግን ከእኔ የተሻለ የሚያስረዳ የለም። አንድ ነገር ወደ ሌላ ነገር ሲለወጥ አንዳንዱ እንደ ክብሪት ቦግ ይላል፤ አንዳንዱ እንደ ብረት ዝገት ዓመት ይፈጃል። እሳቸው ይህን ፍጥነት ይለካሉ፤ ቀጥለውም ለምን እንዲህ እንደፈጠነ ወይም እንደዘገየ ምክንያቱን ይፈልጋሉ። ዕድሜያቸውን የሰጡት ቁስል ላይ ሲፈስ አረፋ ለሚያወጣው፣ ፋርማሲ ለሚሸጠው ፈሳሽ ነው። ይህ ፈሳሽ ተቀምጦም ቀስ እያለ ወደ ውሃና ወደ ኦክስጅን ይፈርሳል። ጠንከር ያለውን ዓይነት ፍላስክ በሚባል የላቦራቶሪ ጠርሙስ ውስጥ ይጨምራሉ፤ ፍላስኩን ሙቀቱ በማይለዋወጥ ውሃ ውስጥ ይነክራሉ፤ የሚወጣውን ጋዝ መስመር በተሰመረበት ቱቦ ይዘው ሰዓት እያዩ መጠኑን ያነባሉ። ውሃው ሲሞቅ ጋዙ ይፈጥናል፤ ሲበርድ ያዘግማል። ይኸው ነው። ይህን እየደጋገሙ አንድ ሰው ሙሉ ሕይወቱን ሊያሳልፍ እንደሚችል ያወቅሁት በእሳቸው ነው።

በ1968 ዓ.ም. የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የነበረችውን እህቴን አገቡ። ዓመት ሙሉ ያንኑ አንድ መጽሐፍ እየመለሱ ይዋሱ ስለነበር እህቴ ሰውየው ማንበብ ይቸግራቸዋል ብላ አዝናላቸው ነበር። በሠርጋቸው ቀን ዘግይተው መጡ፤ የጀመሩት ልኬት አላለቀም ነበር። እህቴም በሰው ፊት «ወይ እኔን አግባ፣ ወይ ጠርሙሱን አግባ» አለቻቸው። እሷን አገቡ፤ ጠርሙሱንም አልተዉ።

ጠርሙሱ የተባለችው አንዲት ወፍራም ፍላስክ ናት። ከእሳቸው በቀር ማንም አያጥባትም፤ ማንም አይነካትም። በዚህች ፍላስክ የሚያገኙት ቁጥር ከዓመት ዓመት አይዛነፍም። የሌሎች ኮሌጆች መምህራን ያንኑ ሙከራ ሠርተው ሌላ ቁጥር ሲያገኙ ጋሽ ቆይ አይገረሙም፤ «እጃቸው ነው» ብለው ያልፉ ነበር። በ1972 ዓ.ም. ምክንያቱንም አገኘሁ አሉ። የፈሳሹ ቅንጣቶች እዚያው ፈሳሹ መሃል እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ ሲጋጩ ይፈርሳሉ፤ ሙቀት ሲጨምር ግጭቱ ይበረታል። ይህ ማብራሪያቸው በኮሌጁ የላቦራቶሪ ማኑዋል አራተኛው ምዕራፍ ሆኖ ታተመ፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ተማሪ ሁሉ እሱን ሸምድዶ አለፈ።

ሁለት ልጆች ወለዱ። በ1970 ዓ.ም. ሴት ልጃቸው፣ በ1974 ዓ.ም. ዛሬ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነው ወንድ ልጃቸው ተወለዱ። ሴቷ ያደገችው እዚያው ምድር ቤት ከጠረጴዛው ሥር ነው፤ ያገኘችውን ሁሉ እያነሣች መጣል ስትጀምር ሰዓቱን አስያዟት። የአባቷን ሙያ ተምራ፣ ውጭ አገር ቀጥላ፣ በ1999 ዓ.ም. እዚያው ኮሌጅ መምህርት ሆና ተመለሰች። ያን ሰሞን ጋሽ ቆይ በደስታ አስር ዓመት ታናሽ መስለው ነበር፤ ይህን የምለው አጋንኜ አይደለም፤ አስራ አምስት ማለትም እችል ነበር።

ልጃቸው ግን አባቷ ያላሰቡትን አሰበች። ቁጥሩ በአንዲት ፍላስክ ብቻ የሚስማማው፣ በሌሎች የማይስማማው ለምንድን ነው? ምናልባት ፈሳሹ የሚፈርሰው መሃሉ ላይ ሳይሆን የፍላስኩን ግድግዳ በነካበት ከሆነስ? ይህን ለማየት ጠርሙስ ሰበረች፤ ስባሪውን አጥባ እዚያው ፈሳሽ ውስጥ ጨመረችው። ፈሳሹ አልጨመረም፣ ሙቀቱ አልጨመረም፤ የጨመረው ፈሳሹ የሚነካው የጠርሙስ ገጽ ብቻ ነው። ጋዙ ግን እየተንደቀደቀ ወጣ። ያቺ ፍላስክ ሁልጊዜ አንድ ቁጥር የሰጠቻቸው ያን ሁሉ ዘመን የራሷን ግድግዳ ስላስለካቻቸው ነው።

ቤት ድረስ መጥታ ልትነግራቸው ሞከረች። ጣታቸውን አነሱ። ደግማ መጣች፤ ደግመው አነሱ። በ2001 ዓ.ም. በኮሌጁ ዓመታዊ የምርምር ጉባኤ ላይ ውጤቷን ስታቀርብ አባቷ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰብሳቢው አስተያየት ጠየቋቸው። ጋሽ ቆይ ተነሥተው «ስባሪሽን በደንብ አላጠብሽውም» አሉ። አዳራሹ ሳቀ።

«አጥቤዋለሁ፣ አባዬ። ያስተማርከኝን አስተጣጠብ ነው የታጠበው» አለች።

አዳራሹ ከፊተኛው የበለጠ ሳቀ። ጋሽ ቆይ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ ኪሳቸው ከተው ወጡ። በዚያው ዓመት ጡረታ ወጡ፤ ፍላስኳን ጋዜጣ ጠቅልለው ቤት ወሰዷት፤ ከልጃቸውም ጋር አፍ ለአፍ መነጋገር አቆሙ።

ቤታቸውና የልጃቸው የኪራይ ቤት የሚለያዩት በአንድ መንገድ ነው። መጀመሪያ ቃል የምታመላልሰው እህቴ ነበረች። «ለልጅሽ ንገሪያት» ይላሉ፤ «ለባልሽ ንገሪው» ትላለች። እህቴ ሁለቱንም ሳትጨምርም ሳትቀንስም ታደርስ ነበር፤ ምናልባት ያደከማት ይኸው ነው። በ2006 ዓ.ም. በልብ ሕመም አረፈች። በቀብሯ ላይ አባትና ልጅ ከመቃብሩ ወዲህና ወዲያ ቆመው ነበር። በመካከላቸው የነበረችው ሰው ጉድጓድ ውስጥ ገብታም እንኳን አንዳቸውም ወደ ሌላው አልተሻገሩም። ከዚያን ቀን ወዲህ ያን ቤት የማውቀው ጨለማ ሆኖ ነው። ጋሽ ቆይ አንዱን ክፍል ብቻ ከፍተው ይኖሩ ነበር፤ ሌላው መጋረጃ እንደተጋረደበት ቀረ።

የእህቴን ሥራ እኔ ተረከብኩ፤ በመልእክተኛነት ደግሞ የሚወዳደረኝ የለም። እሳቸው «ሳሉ ተሻላት ወይ?» ካሉኝ፣ እኔ ልጅቷ ቤት ደርሼ አባትሽ በሳልሽ ምክንያት ግድግዳ ተደግፈው አደሩ እላለሁ። እሷ «ደህና ነኝ በለው» ካለችኝ፣ እኔ ተመልሼ እግርዎን ካልሳምኩ እህል አይገባኝም ብላለች እላለሁ። ሁለቱም የኬሚስትሪ ሰዎች ናቸውና የተበረዘ ነገር ያውቃሉ። እሷ በሩን ስትከፍት «አጎቴ፣ የዛሬውን ለአስር ላካፍለው ወይስ ለሃያ?» ትለኛለች። እሳቸውም «አንተ ከእህትህ የወረስከው ቁመቷን ብቻ ነው» ይሉኛል። እንዲህ እያልን ዓመታቱ አለቁ።

በ2013 ዓ.ም. ኩላሊታቸው ታመመ። ሐኪሙ ብዙ ተስፋ አልሰጣቸውም፤ እሳቸውም ሐኪሙን ብዙ አልጠየቁትም። አልጋቸው ከጎረቤት አጥር ጋር የተፋጠጠ መስኮት ሥር ነበር። እግራቸው አብጦ ጫማ እምቢ ስላለ ቀኑን ሙሉ በካልሲ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባዶ የማርማላታ ጠርሙሶች እንዳመጣላቸው፣ ፎጣ ጠቅልዬ በመዶሻ እንድሰብራቸው አዘዙኝ። ምክንያቱን አልነገሩኝም። ሰበርኩ፤ እንደ እኔ አስተካክሎ የሰበረ የለም። ወንበራቸው ላይ ሆነው እያዩ ስባሪውን አሳጠቡኝ፤ ጨረስኩ ስል ድገም አሉ፤ ደገምኩ።

ፍላስኳን ከጋዜጣው ፈቱ። በመጀመሪያ ያለ ስባሪ ለካን፤ እኔ ቱቦውን እያነበብኩ፣ እሳቸው ሰዓቱን ይዘው። ቀጥለን ያንኑ ፈሳሽ ያህል፣ በዚያው ሙቀት፣ ከስባሪው ጋር ለካን። ቁጥሩን ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ድገመው አሉኝ። ስደግመው ሰዓቱን አላዩም፤ አረፋውን ብቻ ያዩ ነበር። ካለቀ በኋላ ለማጽናናት ያህል ምናልባት በደንብ አላጠብኩት ይሆናል አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ፤ በሕይወቴ እንዲያ ያለ የሐዘን ፊት አላየሁም።

«ሂድና፣ ስባሪውን እኔም ጨመርኩት በላት። ፈጠነ በላት» አሉኝ። ጫማዬን ሳጠልቅ ደግሞ ጠሩኝና «ከራስህ ምንም እንዳትጨምር» አሉ።

ኮሌጁ ሄድኩ። ያቺው ምድር ቤት፣ ያው የሚያንጠባጥብ ቧንቧ። ልጅቷ የተማሪ ወረቀት እያረመች ነበር። የተላክሁትን እንደተላክሁ ተናገርኩ፤ አባቷ ስባሪውን እንደጨመሩት፣ እንደፈጠነም። ቀጣዩን ጠበቀች። እንደ ልማዴ ለቅሶውን፣ ግድግዳ መደገፉን የምቀጥል መስሏት ነበር።

«ሌላስ?» አለችኝ።

ሌላ የለም አልኳት። እስክሪብቶው ከእጇ ወደቀ። ለአስርም ለሃያም አላካፈለችውም፤ ካፖርቷን አንስታ በሩን ሳትዘጋ ሄደች። ሩጬ ልደርስባት አልቻልኩም፤ እኔም በሩጫ የታወቅሁ ነኝ።

ስደርስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግራቸውን ይዛ ነበር። ይቅርታ የሚል ቃል ከሁለቱም አልሰማሁም። ጋሽ ቆይ በስንት ዲግሪ እንደሠራችው ጠየቋት፤ በስድሳ አለች፤ እኔም በስድሳ አሉ። የስባሪውን መጠን ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። ከዚያ ማኑዋሉን አስወጥተው አራተኛውን ምዕራፍ ገለጡና ጉልበቷ ላይ አስቀመጡት።

«ቁጥሮቹን አትንኪ፤ ቁጥሮቹ ልክ ናቸው። ምክንያቱን ቀይሪው» አሏት።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከትምህርት በኋላ እየመጣች አልጋቸው ሥር ትጽፍ ነበር፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ ያላማራቸው ቦታ ሲደርስ ጣታቸው ይነሣል። አንዳንድ ቀን ይጣላሉ፤ ሲጣሉ መስማት እንዴት ደስ ይል ነበር። እኔ ሥራ አጣሁ፤ የሚላክ ቃል አልነበረም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሌላውን ሁሉ ያበዛሁ ሰው ነኝና ይህንን ዘመን ብዙ ባደርገው ደስ ባለኝ ነበር፤ ወራት ነበሩ፣ ዓመታት ነበሩ ብል በወደድኩ። ጥቂት ሳምንታት ነበሩ። ልጃቸው እዚህ ቦታ ላይ ቀይ እስክሪብቶዋን አላሳረፈችም።

ምዕራፉ ሳያልቅ፣ መዝጊያው አንቀጽ ሲቀር፣ በ2014 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው ጠዋት ላይ ልጃቸው እጃቸውን እንደያዘች አረፉ። ያን አንቀጽ እስከ ዛሬ አልጻፈችውም። እንድትጽፈው የጠየቃት ሁሉ «ገና ነው» የሚል መልስ ይሰጠዋል፤ እባካችሁ አትጠይቋት።

ጋሽ ቆይ የሁለት ልጆች አባትና የሦስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ሴት ልጃቸውን፣ ወንድ ልጃቸውን፣ ምራታቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታናሽ እህታቸውን፣ ቁጥራቸው የሚያከራክር ተማሪዎቻቸውንና እኔን በሐዘን ትተው ሄደዋል።

የፈጠራቸው አምላክ ነፍሳቸውን በሰላም ይቀበል፤ ከእህቴም ጎን ያሳርፍልን። የቀረነውንም፣ ይልቁንም ልጃቸውን፣ የሚያጽናና ሰው አያሳጣን።