ሰውዬው ያልሰማው ትዕዛዝ

ሰኞ

ዛሬም እምቢ አለ። ጠዋት ቤት ውስጥ ሲሰራ ቆይቶ ከሰዓት ኮሌጅ ስወስደው ቆመ። "አራተኛው መስመር ላይ ያለውን ትዕዛዝ አላውቀውም" ይለኛል፤ የራሴ ፕሮግራም፣ እኔው ባስተማርኩት አማርኛ።

ልፃፈው፣ አለበለዚያ ጭንቅላቴ ውስጥ ሲዞር ያድራል። ድሮ ውጭ አገር ለማስተማሪያ ብቻ የተፈጠረ የማሽን ቋንቋ አለ። ትዕዛዞቹ ጥቂት ናቸው፦ ጫን፣ ደምር፣ ቀንስ፣ አስቀምጥ፣ ዝለል፣ ፃፍ፣ ቁም። ኮምፒዩተሩን እንደ አንድ ሰውዬ ነው የምታስቢው። ክፍል ውስጥ ተቀምጧል፣ ከፊቱ ሳጥኖች አሉ፣ ያዘዝሽውን ከሳጥን ያወጣል፣ ይደምራል፣ ይመልሳል። ዩኒቨርሲቲ በወረቀት ነው የተማርነው። እኔ ሲሙሌተር ሰራሁለት። ሰውዬው ስክሪን ላይ ይንቀሳቀሳል፣ የሚታዘዘውም በአማርኛ ነው።

ቅዳሜ ለኮሚቴው አሳያለሁ። ኮሌጁ የሚቀጥረው አንድ የኮምፒዩተር ላብ ረዳት ነው። አመልካቾቹ እኔና ዳዊት። ሁለታችንም በነፃ ስናገለግል ከርመናል። የላቡ ቁልፍ እሱ ጋ ነው።

ሰውዬው ትዕዛዝ የሚያነብባቸውን የመልመጃ ፋይሎች ከፍላሼ ወደ ላቡ ኮምፒዩተር እንደገና ገለበጥኩ፣ ሰራ። ዳዊት በሩን ተደግፎ "ዘይኑ፣ ሰውዬሽ ዛሬ ስራ ገባ?" አለኝ። ስቄ አለፍኩ። እንዳልገባ ግን በምን አወቀ?

ማክሰኞ

እንደገና ተበላሽቷል።

ፋይሎቹ የተቀየሩት ትናንት ነው፣ እኔ ከወጣሁ በኋላ። ቫይረስ? ፈተሽኩ፣ የለም። መብራት ጠፍቶ? አልጠፋም። ተማሪዎች? ከእኔ በኋላ ማንም አልገባም። የቀረው አንድ ሰው ነው።

የሚገርመው፣ መስመሩን ደጋግሜ አነበብኩት፣ ምንም የለውም። የፋይሉ መጠን እንኳን ያው ነው። ምን ቢያደርገው ነው? ከእኔ የተሻለ ያውቃል ማለት ነው? ይሄኛው ሀሳብ ከሁሉም አናደደኝ።

ረቡዕ

እማ ግቢ ውስጥ ሽንኩርት ስትለይ አጠገቧ ተቀምጬ ነገርኳት።

"ሰውዬው ማነው?" አለች።

"ሰው አይደለም እማ። ኮምፒዩተር ውስጥ ነው።"

"አይበላም?"

"አይበላም።"

"ደሞዝ?"

"የለውም።"

"እንግዲያ እሱን ነዋ የሚቀጥሩት" ብላ ሳቀች። የዳዊትን ስም ስጠራ ግን ሳቋን ተወች። "በዓይንሽ ሳታዪ ሰው አትጠርጥሪ፣ ሀራም ነው። አላህን ፍሪ።"

እሺ አልኩ። ከዚያ ቀጥታ ወደ ጋሽ ተፈራ ሄድኩ፣ የክፍላችን ኃላፊ። ሙቀቱ ቢሮው ውስጥ ያፍናል፣ ማራገቢያው ወሬ ብቻ ነው።

"ፋይሎቼን ሰው እየነካብኝ ነው። ቁልፉ እስከ ቅዳሜ እርስዎ ጋ ቢሆን?"

"ማነው የነካው?"

"ስም አልጠራም።"

"ቁልፍ ያለው አንድ ሰው ነው እኮ ልጄ። ጠርተሽዋል።"

ከቢሮው ወጣሁ። ልክ ነኝ። ልክ ነኝ መሰለኝ።

ሐሙስ

ጠዋት ጋሽ ተፈራ ቁልፉን ከዳዊት ተቀበሉ። ዳዊት ሰላም ሳይለኝ አለፈ። ፋይሎቹን ትናንት መልሼ ገልብጬ ነበር፣ ዛሬ ማንም አልነካቸውም። ሁሉም ሰራ። በቃ፣ እሱ ነበር። ምሳ እንኳን ጣመኝ።

ከሰዓት ተማሪዎች ገቡ። ጠረጴዛው ላይ የታተሙ መልመጃዎች ነበሩ፣ ዳዊት ቀደም ብሎ ያተማቸው። ከጀውሃ የምትመላለሰው ሰዓዳ ከወረቀቱ እያየች ፃፈች፣ ሰውዬው መለሰላት፦ "አራተኛው መስመር ላይ ያለውን ትዕዛዝ አላውቀውም።"

ፋይል የለም፣ የነካ ሰው የለም፣ ልጅቷ በገዛ ጣቷ ነው የፃፈችው። እኔ አጠገቧ ሆኜ ያንኑ መስመር ፃፍኩ። ሰራ። እሷ ስትፅፍ እምቢ።

"መምህር፣ ለእርስዎ ብቻ ነው እንዴ የሚታዘዘው?"

ክፍሉ ሳቀ። "ቀስ ብለሽ ፃፊ፣ ጣትሽን ልየው" አልኳት። ያኔ ነው ያየሁት። እኔ የምነካው የኪቦርድ ቁልፍ ሌላ፣ እሷ የነካችው ሌላ። ወረቀቱ ላይ ያለው "ጻፍ" ነው። የኔ ሰውዬ የሚያውቀው "ፃፍ"። ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ለካ ዓይኔ ድምፁን እንጂ ፊደሉን አያይም።

አርብ

ዳዊትን ላቡ በር ላይ አገኘሁት። ቁልፍ ስለሌለው ውጭ ቆሞ ነበር።

"ፋይሎቼን ከፍተሃል?"

"ላትማቸው ከፍቻለሁ። በፀሐዩ ፀ ነበር የጻፍሽው፣ በጸሎቱ ጸ አስተካከልኩት፣ ተመልሶ ሳገኘው ደገምኩት። ኮሚቴው ፊት ሊሳቅብሽ ነው?"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ባለፈው ስለ ፊደል ስነግርሽ 'ድቁናህን እዚያው ቤተ ክርስቲያንህ' አላልሽኝም?"

ብያለሁ።

"ኮምፒዩተር ተምረህ አንድ ፊደል ምን እንደሚያደርግ አታውቅም?"

"ለተማሪ የሚታደል ወረቀት መሰለኝ። ሰውዬሽም ከዚያው እንደሚያነብ በምን ልወቅ?"

ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። የሰኞው ጥያቄውስ? ስለ ቁልፉ እሱም አላነሳ፣ እኔም አላነሳሁ።

ቤት ገብቼ ሰውዬውን አስተማርኩት፦ ጸም ፀም አንድ ነው፣ ሰም ሠም፣ አም ዐም፣ ሀ ሐ ኀ ሁሉም። አሁን ማንም እንደለመደው ቢያዘው ይሰማል። ከሰራሁት ሁሉ ይሄ ይበልጣል። ያለ ዳዊት ደግሞ ወደ ሀሳቤም አይመጣም ነበር።

ቅዳሜ

ኮሚቴው አራት ሰው ሆኖ ተቀመጠ። አሳየሁ፣ ሰውዬው ደመረ፣ ቀነሰ፣ ፃፈ። ጋሽ ተፈራ "ሰሪዋ ብቻ ስትነካው ምን ዋጋ አለው? ዳዊት፣ ና ሞክረው" አሉ።

በሆዴ አለቀልኝ አልኩ።

በአንደኛው ጸ ፃፈ፣ ሰራ። በሌላኛው ፃፈ፣ ሰራ። ከዚያ ወደ ኮሚቴው ዞሮ "ይሄ እስከ ትናንት አይሰራም ነበር" አለ። "በአንድ ቀን ነው ያስተካከለችው" ብሎ ጨመረና ተቀመጠ። ሊረዳኝ ነው ወይስ ጉድለቴን ሊያሳይ? ጋሽ ተፈራ የሆነ ነገር ፃፉ። ውጤት ሰኞ ይነገራችኋል ተባልን።

ስንወጣ "ቁልፉን ያስወሰድሽብኝ አንቺ ነሽ?" አለኝ።

"አዎ።"

"እኔ ደግሞ እነሱ የማይፈልጉኝ መስሎኝ ካራቆሬ ለሌላ ስራ ማመልከቻ አስገባሁ።"

ፊቱን አየሁት፣ ቀልድ ይሁን እውነት አልያዝኩትም። "ዛሬ ብነግራቸውስ? እንዳጠፋሁ?" አልኩት። "እንደፈለግሽ" አለና ባጃጅ አስቁሞ ሄደ።

ተመልሼ እስከ ጋሽ ተፈራ ቢሮ በር ሄድኩ። በሩ ክፍት ነው፣ ድምፃቸው ይሰማል። ሰኞ የኔ ስም ቢጠራ በፕሮግራሙ ይሁን በቁልፉ ምክንያት የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

አንኳኳሁ።

"ማነው?" አሉ።

"ዘይነባ ነኝ። ረቡዕ ስሙን ሳልጠራ የከሰስኩት ሰው ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"